ቀጭን ጎማ አያሳፍርም

ሐዋሳ ውስጥ ቮልስ ይዞ ጎሚስታ በር ላይ የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ሰፋ ያለ ግጠምበት»። ምክሩን የሚሰጠው ጎሚስታው ብቻ አይደለም። ንፋስ ሊያስሞላ የመጣው የባጃጅ ሹፌር ያክልበታል። ማዶ ቡና ሲጠጣ የነበረው ሰው ተነስቶ ይመጣና ጎማውን በጫማው ጫፍ እየነካ «ይሄ እኮ የሞተር ሳይክል ጎማ ነው» ይላል። ሁሉም ከልባቸው ነው የሚመክሩት። ሁሉም ግን ተሳስተዋል። ይህን የምጽፈው ስሕተቱ መኪና ስለሚያበላሽ ብቻ አይደለም፤ ሰው ስለሚጎዳም ነው።

አመለካከቱ ሲጠቃለል ይህን ይመስላል። አሮጌ መኪና ከፋብሪካ የወጣበት ጎማ ቀጭንና ደካማ ነው፤ የተሠራው ለአውሮፓ ለስላሳ መንገድ ነው፤ ስለዚህ እኛ አገር ሰፋ፣ ከፍ፣ ጠንከር ያለ ቢገጠምለት ይሻለዋል፤ ደግሞስ ገበያ ላይ የሚገኘው እሱ አይደለም ወይ? ከዚህ ሁሉ ውስጥ እውነት የምለው የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ እሱንም በኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ የምነዳው ቮልስ አባቴ ይርጋለም ሲያስተምር የገዛው ነው። ሊብሬው የሥሪት ዘመኑን እ.ኤ.አ. 1966 ይላል፤ ሞተሩ 1300፣ ጉልበቱ 40 የፈረስ ጉልበት። ሐዋሳ ያኔ ገና በመቆርቆር ላይ ያለች ከተማ ነበረች። ይህ መኪና በአገራችን ሰው ትዝታ ውስጥ ያለውን ቦታ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ መሆኑን የማያውቅ የለም። አባቴ በዚያ ሁሉ ዘመን ጎማ ሲገዛ የሚጠይቀው አንድ ቁጥር ነበር፤ 5.60 ባለ 15። ሬዲያል ጎማ ሲለመድ ደግሞ 155 ባለ 15 አደረገው። ከዚያ በላይ ሲያቀርቡለት «አይሆንም» ብሎ ይሄድ ነበር እንጂ አይከራከርም ነበር። መኪናው ወደ እኔ ሲዞር እኔ የሰማሁት የአባቴን ዝምታ ሳይሆን የጎሚስታ በሩን ምክር ነው። 195/65 ባለ 15 አስገጠምኩ፤ የአዳዲሶቹ ኮሮላዎች ጎማ ነው፣ በየሱቁ ተደርድሯል።

ለአንድ ሳምንት መኪናዬ አማረብኝ። ኮርቻ የመሰለው የኋላ ፓራፋንጎ ሞላ። ሰውም «አሁን መኪና ሆነ» አለኝ። ከፍ ማለቱንም አመንኩ፤ ጉብታ ላይ ሆዱ የማይነካ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አሰላሁት።

ቁጥሩን ማንበብ ከባድ አይደለም። 195 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። 65 ደግሞ የጎኑ ቁመት ነው፤ ከስፋቱ 65 በመቶ፣ ማለትም 127 ሚሊሜትር ገደማ። 15 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው፤ 381 ሚሊሜትር። የጎኑን ቁመት ለላይና ለታች ሁለት ጊዜ ከቸርኬው ጋር ስትደምሩት ጎማው ከአናቱ እስከ እግሩ 634 ሚሊሜትር ተኩል ይወጣዋል። የአባቴ 5.60 ባለ 15 ግን 650 አካባቢ ነው። እንግዲህ «ከፍ አለ» ብዬ ደስ ያለኝ መኪና ወደ ስምንት ሚሊሜትር ወደ መሬት ቀርቦ ነበር። ስፋቱ ዓይኔን አታለለው። ሰፊ ነገር ረጅም ይመስላል። በሜትር ለክቼ ያረጋገጥኩት በማግስቱ ነው፤ ይህን ስሕተት ከእኔ ጋር የሚጋሩ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁና እናንተም ለኩ።

ከፍታን በጎማ መፈለግ ራሱ ብዙም አያዋጣም። ጎማው 20 ሚሊሜትር ቢጨምር መኪናው ከመሬት የሚርቀው በ10 ብቻ ነው፤ ግማሹ ወደ ላይ፣ ወደ ፓራፋንጎው ነው የሚሄደው። ለአንዲት ጣት ውፍረት ያህል ከፍታ ብላችሁ የመኪናውን ጠቅላላ አሠራር ታናጋላችሁ።

ስፋቱ የሚያመጣው ችግር ግን ከዚህ ይብሳል። የእኔ ዘመን ቮልስ ቸርኬ ስፋቱ 4 ኢንች ነው፤ በኋላ የመጡት 4 ተኩል። 195/65 የሚጠይቀው ቸርኬ ከ5 ተኩል ኢንች ይጀምራል። ሰፊ ጎማ ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲቀመጥ ሁለቱ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይታነቃሉ፣ ፊቱ ደግሞ እንደ ዳቦ ይነፋል። መሬት የሚነካው መሐሉ ብቻ ይሆናል። በስምንት ወር ውስጥ የእኔ ጎማ መሐል ጥርሱ ተላጭቶ ዳርና ዳሩ አዲስ እንደሆነ ቀረ። ያን ያህል ብር የከፈልኩበት ስፋት መሬት ነክቶ አያውቅም ነበር ማለት ነው። መሪውም አብሮ ተበላሸ። መኪናው ጥግ ሲይዝ ጎማው ቸርኬው ላይ እየተወላገደ መጀመሪያ ይወላወላል፣ ከዚያ ነው የሚታዘዘው። የቮልስ መሪ ያለ ምንም አጋዥ በክንድ የሚዞር ነው፤ ፒያሳ ላይ መኪና ለማቆም ስታገል ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። እስከ ጥግ ዞሮ ጉድጓድ ሲያጋጥመው ደግሞ ከውስጥ በኩል ጭረት ይሰማል።

«ሰፊ ጎማ መሬት ይይዛል» የሚባለውን ላንሳ፤ ትልቁ ክርክር እሱ ነውና። ጎማ መሬት ላይ የሚያሳርፈው መዳፍ ምን ያህል ይሆናል የሚለውን በአብዛኛው የሚወስኑት የመኪናው ክብደትና የንፋሱ መጠን ናቸው። ጎማውን ስታሰፉት መዳፉ ቅርጹን ይቀይራል፤ በርዝመቱ ያጥራል፣ በጎኑ ይሰፋል፤ በራሱ ግን ያን ያህል አይጨምርም። የእኔ ቮልስ ባዶውን 800 ኪሎ ገደማ ነው። 195/65 ከአንድ ቶን በላይ ለሚመዝን መኪና የተሠራ ጎማ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የጭነት ቁጥሩ 91 ነው፣ አንዱ ጎማ ብቻ 615 ኪሎ ይሸከማል። እንዲህ ያለ ጠንካራ ጎማ በቀላል መኪና ሥር አይታጠፍም፣ ይነጥራል። ኮብልስቶን ላይ የምትሰሙት ያ የሚያንገጫግጭ ድምፅ የመንገዱ ብቻ አይደለም። በክረምት ደግሞ ቀላል መኪና በሰፊ ጎማ ውሃ ላይ ሲወጣ ቶሎ ይንሳፈፋል። ቀጭኑ ውሃውን ሰንጥቆ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል፤ ሰፊው ላዩ ላይ ይቀመጣል።

ይህን ለማየት ደግሞ ሐዋሳን ለቅቆ መሄድ አያስፈልግም። ከተማዋን ቀን ከሌት የሚያመላልሳት ባጃጅ ጎማው ባለ 8 ኢንች ነው፣ ስፋቱ አንድ መዳፍ አይሞላም። ዝናብ በዘነበ ማግስት በየሰፈሩ ውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ በዚያ አሸዋማ ጭቃ ውስጥ እየሰነጠቀ የሚያልፈው እሱ ነው። ባጃጅ ላይ ሰፊ ጎማ ይገጠም የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ቮልስ ላይ ሲሆን ግን ቀጭንነት ጉድለት ይሆናል።

ስለ ንፋስ ልናገር፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ መኪና ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላል። ለዚህ ነው ፋብሪካው ለቮልስ ከፊትና ከኋላ የተለያየ ንፋስ ያዘዘው፤ ለፊቱ ከ16 እስከ 18፣ ለኋላው ከ24 እስከ 27 ፒኤስአይ፣ እንደ ጎማው ዓይነት። የዚህ ልዩነት ሥራ ለምቾት ብቻ አይደለም። መኪናው ጥግ ሲይዝ ጅራቱ እንዳይቀድመው የሚጠብቀው ይህ ልዩነት ነው። እኛ ጋ ግን ጎሚስታው አራቱንም «ሠላሳ» ሞልቶ ይሸኛችኋል፤ ጎማው ለሌላ መኪና የተሠራ ነውና ከ18 በታች ሲያየው ጎድሎ ይታየዋል። የመጠኑ ስሕተት የንፋሱን ስሕተት ይወልዳል። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ የሐምሌ ምሽት ከሻሸመኔ ስመለስ፣ ጥቁር ውሃ ልደርስ ስል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ነው። ፊት ለፊቴ አህያ ገባች፣ መሪውን ሰበር አደረግኩ፣ ጅራቱ አመለጠ። መኪናው ግማሽ ዞሮ የመንገዱ ዳር ላይ ቆመ። ከኋላዬ የጭነት መኪና ቢኖር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። እህቴ ከጎኔ ነበረች፤ ለረጅም ጊዜ ሁለታችንም አልተናገርንም።

አንዳንድ ሰው «የፋብሪካው መጠን እኮ ለጀርመን መንገድ ነው፣ የእኛን አያውቀውም» ይላል። ይህ አባባል ብልህ ይመስላል፣ የአፍሪካን የመኪና ታሪክ ግን ይረሳል። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን በዝናብ ወቅት የሚያቋርጥ፣ ጭቃው መኪና የሚውጥ ውድድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አሸናፊው ቮልስዋገን ነው። ከዚያ በኋላ በ1963 እና ከ1966 እስከ 1968 ደግሞ ፔጆ 404 ወሰደው፤ ያው የእኛ አባቶች የሚያውቁት ፔጆ። ለእነዚህ መኪኖች 195 የሚባል ጎማ በማይታሰብበት ዘመን ማለት ነው። የጎረቤቶቻችን ጭቃ ከእኛ ጭቃ አይለሰልስም።

ጉዳዩ የቮልስ ብቻ አይደለም። ላዳን እንውሰድ፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ የስንቱን ቤት እንጀራ ያበሰለ መኪና ነው፣ ዛሬ ደግሞ ወጣቶች እንደ ቅርስ እየሰበሰቡት ነው። የላዳ ቸርኬ አራት ቀዳዳ አለው። የቪትዝ ቸርኬም አራት ቀዳዳ አለው። ስለዚህ «አራት ለአራት ነው፣ ይገባል» ይባላል። የላዳ ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትሩ 98 ሚሊሜትር ነው፤ የቪትዝ 100። ልዩነቱ ሁለት ሚሊሜትር ነው። ዓይን አይለየውም። እጅም አይለየውም፤ የመጀመሪያው ቡሎን ይገባል፣ ሁለተኛው ይገባል፣ ሦስተኛውና አራተኛው ትንሽ ይታገሉና በቁልፍ ጉልበት ይገባሉ። ገጣሚው «ጠበቀ» ይላል። የጠበቀው ግን ቡሎኑ ነው፣ ቸርኬው አይደለም። እያንዳንዱ ቡሎን በአንድ ጎኑ ብቻ ተደግፎ፣ በሌላው ጎኑ ክፍት ሆኖ፣ ትንሽ ተጣሞ ነው የሚሠራው። ከዚያ ደግሞ የቪትዝ ቸርኬ መሐሉ ያለው ትልቁ ቀዳዳ 54 ሚሊሜትር ነው፣ የላዳ እምብርት 58 ተኩል፤ አይገባም። ስለዚህ ቶርኖ ቤት ይወሰድና ይበላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። ከዚህ በኋላ ቸርኬውን መሐል ላይ የሚያስቀምጠው ነገር የቶርኖ ሠራተኛው ዓይን ብቻ ሆነ።

ጓደኛዬ በዚህ ዓይነት ቸርኬ ላዳውን አስውቦ ነበር፤ በእሱ ለልቅሶ ወደ ዲላ ወጣን። ከ70 በላይ ሲሆን መሪው ይንቀጠቀጣል። «ባላንስ ነው» አለ። ባላንስ አልነበረም። አፖስቶ ላይ ሻይ ለመጠጣት ስንቆም የግራውን የፊት ጎማ ዞሬ ነካሁት፤ ሁለቱ ቡሎኖች በጣት ይዞራሉ። በቁልፍ አይደለም፣ በጣት። ጓደኛዬ ተንበርክኮ አንዱን ፈትቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠው፤ አንገቱ ላይ በአንድ በኩል ብቻ ብረቱ ተፍቆ ያበራል፣ በሌላው በኩል አቧራው እንኳን አልተነካም። ሁለት ሚሊሜትር ማለት ያ ነው። አጥብቀን፣ በየዐሥር ኪሎ ሜትሩ እየቆምን፣ በአርባ ተመለስን። ለልቅሶው አልደረስንም።

ስለ ቸርኬው የወገብ አቀማመጥም ሊባል የሚገባ ነገር አለ፤ ቸርኬው እምብርቱ ላይ ሲታሰር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚገባበት ልክ ማለቴ ነው። የላዳ 29 ሚሊሜትር ነው፤ አሁን ያሉት ከፊት የሚነዱ ትናንሽ መኪኖች ብዙዎቹ ወደ 40 ይጠጋሉ። ይህን ለማካካስ ስፔሰር ይገባል። የቮልስ አምስት ቀዳዳ ደግሞ 205 ሚሊሜትር ክብ ላይ ስለሆነ የዘመኑ መኪኖች ቸርኬ አይገጥመውም፣ በአዳፕተር ካልሆነ። አዳፕተሩ ቸርኬውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። የተገፋ ቸርኬ ኩሽኔታውን እንደ ረጅም ቁልፍ ይጫነዋል፤ ጉድጓድ ውስጥ በወደቀ ቁጥር መሪው ከእጅ ሊያመልጥ ይታገላል። ኩሽኔታ ቶሎ ቶሎ ለሚቀይሩ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ቸርኬያችሁ የማን ነው? የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል የኖረው ለጌጥ ብቻ አይደለም።

የኮሮላ ዲኤክስ ባለቤቶችም ይስሙኝ። ብዙዎቹ ከፋብሪካ የወጡት በ155 ባለ 13 ነው፤ ዲያሜትሩ 578 ሚሊሜትር ይሆናል። ባለ 15 ቸርኬ በ195/65 የሚገጥሙለት ሰዎች ጎማውን ወደ 10 በመቶ ያህል ያሳድጉታል። ውጤቱ ሰሌዳው 60 ሲል መኪናው 66 መሄዱ ነው። ከዚህ የከፋው ጉልበቱ ነው። ትልቅ ጎማ ማርሹን ሁሉ ያረዝመዋል፤ ሦስተኛ ማርሽ ሦስተኛ መሆኑ ይቀራል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ የቆየ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከጉልበቱ ከ15 በመቶ በላይ አየሩ ስለሳሳ ብቻ ያጣል። አለታ ወንዶ ዳገት ላይ የሚቀረውን ጉልበት በጎማ ቀምታችሁት ፍሪሲዮን ተቃጠለ ብትሉ ምን ይሆናል? ማቆሚያውም እንዲሁ ነው፤ ትልቅ ጎማን ለማቆም የድሮው ፍሬን የበለጠ መታገል አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል፤ እኔ መኪናን ሙዚየም ውስጥ የማስቀመጥ ሰው አይደለሁም። 5.60 ባለ 15ን አሮጌ ስለሆነ ብቻ አልሟገትለትም፤ ሬዲያሉ ይሻላል። መጠን መቀየርም ኃጢአት አይደለም፣ ተሰልቶ ከሆነ። ለዲኤክስ 175/70 ባለ 13 ቢገጠም ዲያሜትሩ 575 ነው፤ ከፋብሪካው በሦስት ሚሊሜትር ብቻ ያንሳል። ባለ 14 ካማረህም 175/65 ባለ 14 583 ነው፤ ይሄም መልካም ነው። ቸርኬው ግን በራሱ ክብ መሆን አለበት፤ የዲኤክሱ 114.3 ነው፣ የቪትዙ 100፣ አይተካኩም። ለቮልስ 165/80 ባለ 15 ዲያሜትሩ 645 ነው፣ ለአባቴ 5.60 ከ195/65 ይልቅ እጅግ ይቀርባል፤ ከ4 ኢንች እስከ 5 ኢንች ተኩል ቸርኬ ላይ በሕጉ ይቀመጣል፤ ለዚህ መኪና የሚበቃውንም ጭነት ይሸከማል። ዲያሜትሩ ከፋብሪካው ከ2 ወይም ከ3 በመቶ ካልራቀ፣ ስፋቱ ለቸርኬው ከተፈቀደለት ካልወጣ፣ የጭነት ቁጥሩ ከድሮው ካላነሰ፣ እኔ ክርክር የለኝም። የምከራከረው በዓይን ገምቶ መግጠምን ነው።

አሁን ወደዚያ እውነት ወዳልኩት ነገር ልመለስ። «ገበያ ላይ የለም» ይላሉ። እውነት ነው፣ ቀጭን ባለ 15 ጎማ እንደ 195/65 በየሱቁ አይደረደርም። ሲገኝም ዕድሜውን ማየት ያስፈልጋል፤ ጎኑ ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፣ ለምሳሌ 2319 ማለት የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ትክክለኛ መጠን ጎማ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ እሱንም አልመክርም። ግን «የለም» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ እንጠይቅ። ነጋዴ የሚያመጣው የሚጠየቀውን ነው። ሐዋሳ ውስጥ ስንት የቮልስ ባለቤት ጎማ ሱቅ ገብቶ 165/80 ባለ 15 ብሎ ጠይቆ ያውቃል? እኛ ራሳችን 195 እየገዛን ነው ነጋዴውን 195 ብቻ እንዲያመጣ ያስተማርነው።

ወደፊት ደግሞ ይብሳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው፤ የብዙዎቹ ጎማ ባለ 16፣ ባለ 17፣ ባለ 18 ነው። ባለ 13 እና ቀጭን ባለ 15 ከመደርደሪያው እየወረዱ ይሄዳሉ። አሮጌ መኪኖቻችን ግን ከእኛ ጋር ይቆያሉ፤ አዲስ የመግዛት አቅሙ ለስንቱ አለ? እንግዲህ ባለቤቶቹ ተሰባስበን፣ አምስት ስድስት ሆነን፣ ለአንድ አስመጪ በአንድ ላይ ማዘዝ ካልጀመርን፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ምርጫው አዳፕተርና ቶርኖ ቤት ብቻ ይሆናል። ሃያ አራት ጎማ ለአንድ ሰው ብዙ ነው፣ ለስድስት ቮልስ ልክ ነው። በእቁብ የሚተዳደር አገር ይህን ማድረግ አያቅተውም።

ስለ ውበትም ዝም አልልም፤ ብዙው ሰው በልቡ የሚከራከረው ስለሱ ነውና። ቮልስ ክብ ነው። ጣሪያው ክብ፣ ኮፈኑ ክብ፣ ፓራፋንጎው ክብ ነው። ያ ሁሉ ክብ ተሸክሞ የሚቆመው በአራት ቀጫጭን እግሮች ላይ ነው፣ እንደ ጎፈሬ ዘንጋዳ። እግሩን ስታወፍሩት መኪናው ይጎብጣል፤ አንገቱ ያጠረ ሰው ይመስላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ለሙሽራ ፎቶ የሚቀርቡትን ቮልሶች እዩ፤ አበባው ሁሉ ተሰክቶ፣ ቀለሙ ሁሉ ተወልውሎ፣ ሥሩ ግን የሌላ መኪና ነው። ሙሽራዋ ያማረችውን ያህል መኪናው አላማረም።

እኔ 195ቱን ካወረድኩ በኋላ አንድ ቸርኬ ጎደለኝ፤ የድሮዎቹን ጎማዎች ስቀይር አንዱን ቸርኬ እንደ ትርፍ ቆጥሬ ሰጥቼው ነበር፣ ስኮርታ አልነበረኝም። ወራት ፈለግኩ። በመጨረሻ ያገኘሁት አሮጌው ገበያ አካባቢ፣ የአህያ ጋሪ ላይ ነው። ባለ ጋሪው አሸዋ እያራገፈ ነበር። አቧራውን በመዳፌ ስጠርገው አምስቱ ቀዳዳዎች ወጡ፣ ከዳር ዳር የእጅ ስንዝር ያህል ተራርቀው። እንዲህ መሐሉ ባዶ የሆነ ቸርኬ ያለው ሌላ መኪና እምብዛም ነው። «አባ፣ ይህን ይሸጡልኛል?» አልኳቸው። እሳቸው ቸርኬውን አይተው፣ እኔን አይተው፣ «ሌላ እኩል ቁመት ያለው አምጣልኝና ውሰድ» አሉኝ። «ቁመቱ ካልተካከለ ጋሪው ይጎትተኛል፣ አህያዋም ትጎዳለች።»

እኩል ቁመት ያለው ፈልጌ አመጣሁላቸው።

ባለፈው ወር አራቱን 165/80 መናኸሪያ አካባቢ ያለ አንድ ጎሚስታ ዘንድ አስገጠምኩ። ልጁ ወጣት ነው፣ ክሪኩን ሲያወርድ «ጋሼ፣ ሠላሳ ሠላሳ ልሙላ?» አለኝ። ለምን እንደማይሆን ከሞተሩ ጀምሬ ነገርኩት፤ የኋላውን ኮፈን ከፍቼ አሳየሁት። ክብደቱ የት እንዳለ በእጁ መከላከያውን ጫን አድርጎ ፈተሸ፣ ከዚያ ወደ ፊት ሄዶ እንደዚያው አደረገ። ልዩነቱ ገባው። ፊቱን 18፣ ኋላውን 27 ሞላ። ሲጨርስ ግድግዳው ላይ፣ የስልክ ቁጥሮች ከተጻፉበት በታች፣ በቾክ «ቮልስ 18/27» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ደግሞ «165/80/15» አለበት።